መጸው ረግረግ ዳር፦ ወፎቹን ሳያስነሱ ማየት፣ መቁጠርና ማገዝ

ደንገል_ዳር (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። የፍልሰቱ ወቅት ስለገባ ነገሩን ከሥሩ የምታውቁ ብትጽፉበት ብዬ ነው። የምናወራበት ረግረግ 40 ሄክታር ይጠጋል፤ ግማሹ ሸምበቆና ፊላ፣ ግማሹ ጥልቀት የሌለው ክፍት ውሃ ነው። ዝቅ ባለው ጫፉ ላይ በተደራረቡ ሳንቃዎች የሚዘጋ የውሃ መውረጃ አለው። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ በየሳምንቱ ይቆጠራል።

ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው። ወፎቹ ብድግ ሳይሉ ለመቁጠር ከየት በኩል፣ በስንት ሰዓት መግባት ይሻላል? ውሃው ወቅቱ እስኪያልፍ ሞልቶ ይቆይ ወይስ ዝቅ ይበል? (ብዙ ሰው «የውሃ ወፍ ከውሃ ሌላ ምን ይፈልጋል» ባይ ነው።) ፎቶ አንሺ እስከ ጭቃው ሲገባስ ምን ይደረጋል?

መነሻ እንዲሆን፦ በመጸው የሚያልፉት ሁሉም አብረው አይመጡም። ዌደር የምንላቸው፣ ጭቃና ስስ ውሃ ውስጥ እየተራመዱ የሚለቅሙት፣ መጀመሪያ የሚደርሱት አዋቂዎቹ ናቸው፤ ላባቸው በመራቢያው ወራት አልቆና ተፋፍቆ። የዘንድሮ ልጆች ከሳምንታት በኋላ ይከተላሉ፤ ብዙዎቹ ያለ ወላጅ፣ መንገዱን አንድም ቀን ሳያዩት። የእነሱ ላባ አዲስ ስለሆነ በጀርባቸው ላይ እያንዳንዷ ላባ ዙሪያዋን በስስ ነጣ ያለ ጠርዝ ተከፍፋ ትታያለች። ከዳክዬዎቹ ጋርገኒ ቀድሞ ያልፋል፣ ፒንቴይል ዘግየት ይላል። ስለዚህ አንድ ቀን ሄዶ «ዘንድሮ ወፍ የለም» ማለት አይሆንም።

---

ጎህ_ሲቀድ

ስለ መግቢያው፦ ጠዋት ከምሥራቅ፣ ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ። ፀሐይ ከጀርባ ካልሆነች ወፉ ሁሉ ጥቁር ጥላ ይሆናል፤ የእግሩ ቀለም ካልታየ ደግሞ ትንንሾቹን መለየት አይታሰብም። ሊትል ስቲንት እግሩ ጥቁር ነው፣ ቴሚንክስ ስቲንት ወደ ቢጫና አረንጓዴ ያደላል፤ ፀሐይ ፊት ለፊት ከሆነች ሁለቱም አንድ ናቸው።

ሰዓቱ ከንጋቱ 12 እስከ ጠዋቱ 3 ነው። ከዚያ ወዲያ መሬቱ ሲሞቅ አየሩ ይርገበገባል፣ በ60 እጥፍ የተጎተተ ቴሌስኮፕ የሚያሳየው የሚንቀጠቀጥ ጭጋግ ብቻ ነው። ያኔ ወደ 25 ወይም 30 እጥፍ መልሱት፤ ያነሰ ግን የጠራ ምስል ይበልጣል። ከመሬት ተጠግቶ የተዘረጋ መቆሚያም ርገብጋቡን ያብሳል፤ ትንሽ ከፍታ ካላችሁ ተጠቀሙበት።

ቀኑን የሚመርጠው አየሩ ነው። ዌደሮች፣ ዳክዬዎችና አብዛኞቹ ትንንሽ ወፎች ሌሊት ይጓዛሉ። ሲበር ያመሸ መንጋ ዝናብ ወይም የፊት ነፋስ ከገጠመው ያገኘው ውሃ ላይ ይወርዳል። ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ከጀርባ ሲሆን ደግሞ ሲመሽ ተነስቶ ይሄዳል። ስለዚህ ሌሊቱን የዘነበበት ማለዳ ከሁሉም ይሻላል፣ ሦስት ቀን ጥርት ብሎ የሰነበተ ሰማይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ረግረጉን ባዶ ያደርገዋል። ሽመላ፣ ፔሊካንና ንስር መሰሎቹ በተቃራኒው ቀን ነው የሚጓዙት፤ ክንፋቸውን ዘርግተው በሞቀ አየር ላይ እየተሽከረከሩ ይወጣሉ። ፀሐይ መሬቱን ሳታሞቀው ስለማይነሱ ከ3 ሰዓት በኋላ ዓይን ወደ ሰማይ ይዙር።

ነፋስ ካለ ዳክዬዎቹ የሚጠለሉት ነፋሱ በማይመታው ዳርቻ፣ ሸምበቆ ሥር ነው። ክፍቱ ውሃ ባዶ መስሎ ከታያችሁ መጀመሪያ እዚያ ፈልጉ።

ባይኖኩላር 8×42 ይበቃል (8 እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ)። 42ን ለ8 ስታካፍሉት ለዓይን የሚደርሰው የብርሃን ክብ 5.25 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በ10×42 ግን 4.2 ብቻ ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው ገና ሳይነጋ፣ ወፉ በብዛት በሚታይበት ሰዓት ነው።

---

ሰንበሌጥ

በባይኖኩላሩ አልስማማም። ረግረግ ክፍት ሜዳ ነው፤ ወፉ ሩቅ ነው። እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው 10 እጥፉን ቢይዝ ይጠቀማል። ቴሌስኮፕ ያለው ግን 8 ይያዝ፣ በዚህ ልክ ነህ።

በየዓመቱ ከሚያምታቱት ዌደሮች ሦስቱን ልጨምር። ግሪን ሳንድፓይፐር ሲነሳ ክንፉ ከሥሩ ጥቁር ነው፣ ጭራው ላይ ያለው ነጭ ከሩቅ ያበራል። ዉድ ሳንድፓይፐር ክንፉ ከሥሩ ገረጣ ያለ ነው፣ እግሩ በበረራ ላይ ከጭራው አልፎ ይታያል፤ ቆሞ ሲገኝ ከዓይኑ በላይ ያለው ነጣ ያለ መስመር ወደ ኋላ ረዘም ይላል። ኮመን ሳንድፓይፐር ቂጡን ሳያቋርጥ ሽቅብ ቁልቁል ያደርጋል፤ ሲበርም ክንፉን ከውሃው በላይ ዝቅ አድርጎ በአጭር በአጭሩ እየመታ ነው። ጀርባው ላይ ነጭ የለም፣ ከክንፉ ፊት ለፊት ደረቱ ጎን ላይ ግን ነጭ ሽብልቅ አለ።

በነሐሴና በመስከረም ዳክዬዎችን በቀለም መለየት ትርፉ ድካም ነው። ወንዶቹ የሠርግ ልብሳቸውን አውልቀው ሴቶቹን ይመስላሉ። የምንቃር ቅርጽ፣ የግንባር ከፍታ፣ ሲበሩ ደግሞ ክንፍ ላይ ያለችውን ባለቀለም ሰሌዳ እዩ። ሾቨለር ግን በማንኪያ ምንቃሩ በየትኛውም ልብስ አይጠፋም።

ራፍ የሚባለው ዌደርም ያሳስታል፦ ወንዱ ከሴቷ በግልጽ ይገዝፋል። ከጎን ለጎን የቆሙትን «ሁለት ዓይነት» ብሎ የሚመዘግብ ብዙ ነው።

---

ቁጥር_አዋቂ

የቆጠራውን ነገር ማንም ስላልነካው፦

እስከ 200 ገደማ አንድ በአንድ ቁጠሩ። ከዚያ በላይ ሲሆን አሥር ወፍ በትክክል ቁጠሩና ያ አሥር ቴሌስኮፑ ውስጥ ምን ያህል ቦታ እንደያዘ ዓይናችሁ ይያዝ። በዚያ ልክ መንጋውን እየቆራረጣችሁ እስከ መቶ ሂዱ፤ ከዚያ የመቶዋን ስፋት ይዛችሁ ቀጥሉ። የሚያሳስተው ጥግግቱ ነው፦ መሐል ላይ የታጨቁት አሥር ወፎች ዳር ላይ የተበተኑት ሦስት የሚይዙትን ቦታ ይይዛሉ። ልምድ የሌለው ሰው በትልቅ መንጋ ላይ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አሳንሶ ነው የሚገምተው።

ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ። መንጋ ከተነሳና ወዳልቆጠራችሁት ወገን ካረፈ ያንን ክፍል መዝግባችሁ ለብቻው ያዙት፣ አትደምሩት። ሁለት ሰው ካላችሁ ሳትነጋገሩ ቁጠሩ፤ ቁጥሩን የምታስተያዩት ሁለታችሁም ከጻፋችሁ በኋላ ነው። አንዱ ጮክ ብሎ «ስምንት መቶ!» ካለ የሌላውም ስምንት መቶ ይሆናል።

ቅጹ ላይ የማይቀሩት፦ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት፣ የውሃው ከፍታ በመለኪያው እንጨት ላይ፣ ነፋስና እይታ፣ ያስበረገገ ነገር (ውሻ፣ ጀልባ፣ ጭልፊት)፣ ያልተለየ ወፍ ብዛት። «ያልተለየ ስቲንት 40» ብሎ መጻፍ ነውር አይደለም። ዓይነቱን በግምት መሙላት ነው ነውሩ። ምንም ያልተገኘበትም ቀን በዜሮ ይመዝገብ፤ ዜሮው ካልተጻፈ ከዓመታት በኋላ ወፍ አልነበረም ወይስ ቆጣሪ አልሄደም የሚለውን ማንም መለየት አይችልም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ጥበቃ ላይ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1971 በኢራኗ ራምሳር ከተማ የተፈረመው የውሃ አዘል መሬቶች ስምምነት አንድን ቦታ ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ አለው ለማለት ከሚጠቀምባቸው መለኪያዎች ሁለቱ በውሃ ወፍ ቁጥር ላይ የቆሙ ናቸው፦ በመደበኛነት 20,000 እና ከዚያ በላይ የውሃ ወፍ መያዝ፣ ወይም ከአንድ ዓይነት ወፍ አንድ ሕዝብ 1 በመቶውን መያዝ። ትንሽ ረግረግ ሃያ ሺውን ላይደርስ ይችላል። 1 በመቶው ግን ቁጥሩ ለተመናመነ ዓይነት ጥቂት ደርዘን ወፍ ብቻ ሊሆን ይችላል። «በመደበኛነት» የምትለዋ ቃል ደግሞ የብዙ ዓመት መዝገብ ትጠይቃለች፤ በአንድ ጥሩ ቀን የተገኘ ቁጥር አይበቃም። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በየዓመቱ በጥር የሚካሄደው ዓለም አቀፍ የውሃ ወፎች ቆጠራ አለ፤ የእናንተን የመጸው ቆጠራ በዚያው ዘዴ ብታስኬዱት የጥሩን ማረፊያ ቁጥር ከመተላለፊያው ጋር ማስተያየት ይቻላል።

---

የመዝጊያ_ሰው

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። «የውሃ ወፍ ውሃ ይበቃዋል» የሚለው ብዙ ረግረግ ባዶ ያስቀረ ሐሳብ ነው። ስቲንትን የመሰሉ ትንንሽ ዌደሮች የሚለቅሙት ከእርጥብ ጭቃ እስከ 4 ወይም 5 ሴንቲሜትር ውሃ ውስጥ ነው። ረጃጅም እግር ያላቸው እስከ 15 ይገባሉ። ራሳቸውን ደፍተው ከታች የሚለቅሙት ዳክዬዎች 25 ሴንቲሜትር ገደማ ይበቃቸዋል፤ ፒንቴይል አንገቱ ረጅም ስለሆነ ትንሽ ይጨምራል። ረግረጉ ዳር እስከ ዳር 60 ሴንቲሜትር ከሞላ ከላይ ያምራል፣ ከእነዚህ አንዱንም ግን አያበላም። እነዚህ ወፎች ለዕረፍት ብቻ አይደለም የሚያርፉት። ለቀጣዩ ጉዞ የሚነድደውን ስብ የሚሞሉት እዚህ ነው፤ በረሃና ባሕር ሊሻገሩ ሲሉ ክብደታቸውን እስከ እጥፍ የሚያደርሱ ትንንሽ ወፎች አሉ።

አወራረዱ ቀስ ያለ ይሁን። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ዳርቻው በየ100 ሜትር 1 ሜትር የሚያዘቀዝቅ ከሆነ፣ ውሃው 5 ሴንቲሜትር ሲወርድ 5 ሜትር ስፋት ያለው አዲስ ጭቃ ይወጣል። ዳርቻው 600 ሜትር ርዝመት ካለው 3,000 ካሬ ሜትር አዲስ ገበታ ማለት ነው። ያ ጭቃ ጥቂት ቀናት ያበላል። ከዚያ ላይኛው ሽፋኑ ይደርቃል፣ ትሎቹና የትንኝ እጮቹ ወደ ታች ይሸሻሉ፣ አጭር ምንቃር አይደርስባቸውም። ስለዚህ ሌላ 5 ሜትር መከተል አለበት። ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ በየ10 ቀኑ አንድ 5 ሴንቲሜትር ሳንቃ ብታነሱ በ80 ቀን 40 ሴንቲሜትር ትወርዳላችሁ፤ አብዛኛውን ወቅት ይሸፍናል።

እዚህ ላይ ሰው የሚስትበት ነገር ትነት ነው። ሙቀትና ነፋስ ባለበት ሰሞን ትነት ብቻውን በቀን 5 ሚሊ ሜትር ሊወስድ ይችላል፤ በ10 ቀን 5 ሴንቲሜትር፣ ልክ የአንድ ሳንቃ ያህል። ገቢ ውሃ ከሌለ ውሃው ቀድሞ ከሳንቃው ጫፍ በታች ወርዶ ይሆናል፣ ያን ጊዜ ሳንቃውን ማንሳት ምንም አይለውጥም። በሌላ በኩል ትነቱ ሳይታሰብ 20 ሴንቲሜትር ሳንቃ በአንዴ ካነሳችሁ ውሃው በሁለት ቀን ሸሽቶ ጭቃው በሙሉ አብሮ ይደርቃል። በሴንቲሜትር የተከፋፈለ እንጨት ትከሉ፣ በየሁለት ቀኑ አንብቡ፣ ሳንቃ የምታነሱት ንባቡ ሲጠይቅ ብቻ ይሁን።

ሳንቃዎቹም እኩል አይሁኑ። ከታች 20 ሴንቲሜትር፣ ከመሐል 10፣ ከላይ ያሉት ደግሞ 5፣ 5። ወፍራም ሳንቃ ብቻ ያለው መውረጃ ውሃን በቀስታ አይሰጥም።

ሌላው ቁጥቋጦና ሣር ነው። ዌደር ጠላቱን ከሩቅ የሚያይበት ገላጣ ይወዳል፤ ሣር የበዛበት ጭቃ ቢረጥብም አያርፍበትም። ውሃው ከመውረዱ በፊት፣ ወፎቹ ሳይመጡ፣ ከዳርቻው የተወሰነውን እጨዱት። ሸምበቆውን ግን በሙሉ አትንኩ፤ ሌሊት እዚያ የሚያድሩ ትንንሽ ወፎች አሉ። በየዓመቱ እያፈራረቁ ጥቂት ጥቂት መቁረጥ ነው።

---

ደንገል_ዳር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የፈለግሁት ይሄን ነው። አንድ ስጋት ግን አለኝ፤ ነሐሴና መስከረም ሞቃት ከሆኑ ውሃው ሲሸሽ ዓሣ ኩሬ ውስጥ ቀርቶ ይሞታል። ሽታው ይቅር፣ በሽታ አያመጣም?

---

የዱር_ሐኪም

ያመጣል፤ ስሙም ቦቱሊዝም ነው። ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለው ባክቴሪያ ዘር በጭቃው ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይኖራል፣ ብቻውን ጉዳት የለውም። ውሃው ሲሞቅ፣ ኦክስጅን ሲያልቅና የሚበሰብስ ሥጋ ሲያገኝ ይባዛና መርዙን ያመርታል። ዳክዬን በብዛት የሚገድለው ሲ የተባለው ዓይነት ነው።

አስከፊው ነገር ዑደቱ ነው። አንድ ሬሳ ላይ ዝንብ እንቁላሉን ይጥላል፣ ትሉ መርዙን በሰውነቱ ያጠራቅማል፣ እሱ ራሱ ግን አይሞትም። ሌላ ዳክዬ ትሉን ይበላል፣ ጥቂት ትል ይበቃዋል፣ ይሞታል፣ እሱም ሬሳ ይሆናል። በሞቃት ቀን ሬሳ በሦስት ወይም አራት ቀን በትል ስለሚሞላ በሳምንት አንዴ መሰብሰብ ዑደቱን አይሰብረውም። በየቀኑ ነው፤ ከተቻለ ጠዋት፣ ሸምበቆው ሥር ድረስ ተፈልጎ። የሞተ ዓሣም እንደዚያው ይሰበሰባል።

ምልክቱ፦ መብረር ያቅተዋል፣ ክንፉን ውሃው ላይ እያራገበ ይጎተታል፣ ከዚያ አንገቱ ይዝላል። ብዙዎቹ የሚሞቱት ጭንቅላታቸውን ከውሃ በላይ መያዝ አቅቷቸው ሰጥመው ነው። ገና እግሩ ብቻ የደከመ ወፍ ጥላና ንጹሕ ውሃ ካገኘ ሊያገግም ይችላል።

ከሩቅ ሲታይ የሚመሳሰሉ ሁለት ሌሎች አሉ። የወፍ ጉንፋን ያለበት ጭንቅላቱ ይንቀጠቀጣል፣ በአንድ ቦታ ይሽከረከራል፣ አንገቱ ይጣመማል፤ ቦቱሊዝም ግን ያዝለዋል እንጂ አያንቀጠቅጠውም። በእርሳስ የተመረዘው ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚከሳው፣ የደረቱ አጥንት ስለት ይሆናል፣ ክንፉ እንደ ጣሪያ ወደ ታች ይወርዳል። ግን በምልክት ብቻ እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ ላቦራቶሪ ነው የሚፈርደው። ስለዚህ የሞተ ወፍ ሲበዛ መጀመሪያ ለእንስሳት ጤና ባለሥልጣን ማሳወቅ፣ ሳይታዘዙ አለመንካት፤ ሰብስቡ ከተባለም ጓንት፣ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ፣ የዓይን መከላከያ፣ ሬሳው በድርብ ከረጢት።

ጫማ ላይ አንድ ስህተት ይደጋገማል። ጭቃ በያዘ ቦቲ ላይ ፀረ ተሕዋስያን ቢረጭ ጭቃው ራሱ መድኃኒቱን ያከሽፈዋል። በብሩሽና በውሃ እስኪጠራ ይታጠብ፣ ከዚያ ይረጭ፣ ጽሑፉ ላይ የተባለውን ደቂቃ ይቆይ።

ለጥያቄህ፦ ሙቀቱ በተከታታይ ከ25 ዲግሪ በላይ ከሆነና ዓሣ የሚቀርባቸው ጎድጓዶች ካሉ ሳንቃ ማንሳቱን አቁም። የደረቀውን መሬት መልሶ ማጥለቅለቅም አይደገፍም፤ በየብስ የነበረው ነፍሳትና ሣር ይበሰብስና ለባክቴሪያው ምግብ ይሆናል። ከፍ ዝቅ ማድረግ ከሁሉም ይከፋል።

---

የመዝጊያ_ሰው

በዚህ ላይ ትንሽ ልጨምር። ዓሣው ኩሬ ውስጥ የሚቀረው መውጫ ስለሌለው ነው። በደረቁ ወራት ከጎድጓዶቹ ወደ መውረጃው የሚያደርስ፣ ከሌላው ወለል 50 ሴንቲሜትር ዝቅ ያለ አንድ ቦይ ከተቆፈረ ዓሣው ውሃውን ተከትሎ ይወርዳል። ቦዩ እስከ መጨረሻው ውሃ ስለሚይዝ ለዳክዬዎቹም ይሆናል።

---

ካሜራ_በትከሻ

የፎቶ አንሺውን ወገን ልያዝ፤ እኛን ማባረር ሳይሆን ቦታ መስጠት ነው የሚሠራው። ወፍ ከመብረሩ በፊት ብዙ ይናገራል። መጀመሪያ መብላቱን ያቆማል፣ አንገቱን ቀጥ ያደርጋል፣ ጎረቤቶቹም ይከተላሉ። ቀጥሎ ጀርባ ሰጥቶ በእግሩ ይርቃል። ሦስተኛው መነሳት ነው። የመጀመሪያዋ አንገት ስትቀና መቆም ያስፈልጋል፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ፣ ዝም። ርቀቱን በሜትር መናገር ያስቸግራል። መንጋው በበዛ፣ ወፉ በገዘፈ፣ አደን ባለበት አገር በኖረ ቁጥር ከሩቅ ይነሳል። በቀጥታ ወደ እሱ የሚሄድ ሰው በጎን ከሚያልፈው ይልቅ ያስፈራዋል። ከላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ድሮንም እንደዚሁ።

አንድ ጊዜ መነሳት ምን ይጎዳል ለሚል፦ በረራው ስብ ያቃጥላል፣ የመልቀሚያውን ጊዜ ይበላል፣ በዚያ ላይ ጭልፊት የሚይዘው በድንጋጤ የተበተነውን ነው። በቀን አሥር ሰው ሲያስነሳው የቀኑ ስንቅ ባከነ።

መፍትሔው መደበቂያ ጎጆ ነው። ልኬቱ ይኸው፦ መቀመጫው ከወለል 45 ሴንቲሜትር፣ የማያው ክፍተት ከወለል ከ110 እስከ 135 ሴንቲሜትር። ለቁም ማያ ሌላ ክፍተት ከ145 እስከ 170። በር ከኋላ፣ ከውሃው በተቃራኒ፤ በሩ ላይ ደግሞ ድርብ መጋረጃ። አለበለዚያ በተከፈተ ቁጥር ብርሃን ከኋላ ይገባና የውስጡ ሰው በሙሉ ለወፎቹ እንደ ጥላ ይታያል። ውስጡ በጥቁር ወይም በጠቆረ ቡናማ ይቀባ። ትልቁ ስህተት ግን ጎጆው ሳይሆን መንገዱ ነው፦ ጎጆ ሠርቶ 100 ሜትር በገላጣ ማስኬድ። መንገዱ ከመነሻው እስከ በሩ በሁለት ሜትር የሸምበቆ አጥር ይጋረድ። ግንባታው ወፎቹ በሌሉበት ወር ይለቅ።

---

ጎህ_ሲቀድ

በካሜራ_በትከሻ ላይ አንድ ነገር ብቻ፦ የተቀዳ የወፍ ድምፅ ከስልክ እያጫወቱ ወፍ ማውጣት በፍልሰት ወቅት አይደረግም። ሸምበቆ ውስጥ ያለው ወፍ ባላንጣ መጣ ብሎ መብላቱን ትቶ ይወጣል። ብርቅ ወፍ ሲገኝም ቦታውን በቅጽበት ለሁሉ አታሰራጩ፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ዳርቻው በሰው ይሞላል።

---

ባለቀለበት

ቴሌስኮፕ የያዛችሁ እግር እግሩን እዩ። ሳይንሳዊው የቀለበት ሥራ የተጀመረው በዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ1899 ነው፤ ሞርተንሰን የተባለ መምህር አድራሻ የተቀረጸባቸው ቀላል ቀለበቶችን ስታርሊንግ በተባሉ ወፎች እግር ላይ አሰረ። ከዚያ በፊት ስለ ፍልሰት ከተገኙት ማስረጃዎች እጅግ የሚገርመው እ.ኤ.አ. በ1822 ጀርመን ውስጥ የተገኘው ሽመላ ነው፣ ከአፍሪካ የመጣ ረጅም ፍላጻ አንገቱን ወግቶ እንደተሰካ። ዛሬ ደግሞ በሳተላይት እንከተላቸዋለን፤ በ2022 አንዲት የዓመቱ ልጅ የሆነች ባርቴይልድ ጎድዊት የተባለች ዌደር ከአላስካ ተነስታ አውስትራሊያ ታዝማኒያ ድረስ 13,560 ኪሎ ሜትር፣ 11 ቀን ሳታርፍ በርራለች።

የሚጻፈው ይህ ነው፦ ቀኝ እግር ወይስ ግራ (ከወፉ አንጻር እንጂ ከእናንተ አይደለም)፣ ከመታጠፊያው በላይ ወይስ በታች፣ የቀለበቱ ቀለም፣ የፊደሉ ቀለም፣ ኮዱ ከየት ወደየት እንደተነበበ፣ ብረቱ ቀለበት በየትኛው እግር እንደሆነ። ሁለት ሦስት ባለቀለም ቀለበት ከተደራረቡ ከላይ ወደ ታች ጻፉ። ቢጫና ነጭ፣ ብርቱካንና ቀይ በፀሐይ ያረጁ ጊዜ ይቀላቀላሉ፤ እርግጠኛ ካልሆናችሁ «ነጭ ወይም ያረጀ ቢጫ» ብላችሁ ጻፉት። ግማሽ የተነበበ ኮድም ይላክ፣ ግን ያልታየውን ፊደል አትሙሉ። የሞተ ወፍ ላይ ካገኛችሁ ቀለበቱን ፎቶ አንሱ፣ የዱር_ሐኪም ያለውን አስቀድሙ።

---

ሰንበሌጥ

ረግረጉን ብቻ ብናስተካክል አይበቃም፤ ወደ ረግረጉ መግቢያ ላይ የሚገድለው ይበዛል።

የኤሌክትሪክ መስመር፦ ሽመላ፣ ፔሊካንና ክሬን የመሳሰሉ ከባድ ወፎች በፍጥነት መታጠፍ አይችሉም። ሽመላና ክሬን ደግሞ ሲበሩ መሬቱን ለማየት ጭንቅላታቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ከፊታቸው ያለውን አያዩም። ሽቦው ላይ በየ5 እስከ 10 ሜትር የሚንጠለጠሉ አንጸባራቂ ምልክቶች ግጭቱን በግማሽ ገደማ ይቀንሳሉ እንጂ አያጠፉም። ምልክቱ በተለይ ከላይ ያለችው ቀጭን የመብረቅ መከላከያ ሽቦ ላይ ይሁን፣ ብዙ ጊዜ የምትገድለው እሷ ናት። ምሰሶ ላይ አርፎ በኤሌክትሪክ መሞት ግን ሌላ ችግር ነው፤ ያ ሽቦ በመሸፈን ነው የሚፈታው፣ ሁለቱን አታምታቱ።

ብርሃን፦ ሌሊት የሚጓዙትን መብራት ይስባቸዋል፣ ያደናግራቸዋል። በኦክቶበር 2023 በቺካጎ አንድ ባለመስታወት አዳራሽ በአንድ ሌሊት ወደ 1,000 የሚጠጋ ወፍ ተጋጭቶ ሞቶበታል። በማግስቱ ዓመት መስታወቱ ላይ ነጠብጣብ ያለው ሽፋን ተለጠፈበት። ነጠብጣቦቹ ከ5 ሴንቲሜትር በላይ መራራቅ የለባቸውም፤ አንድ የጭልፊት ሥዕል መሐል ላይ መለጠፍ ዋጋ የለውም።

እርሳስ፦ ዳክዬ ጥራጥሬውን የሚፈጭበት ጠጠር ይውጣል፤ የአደን እርሳስ ፍንጣሪም ጠጠር ይመስለዋል። መፍጫ ሆዱ ፈጭቶ ደሙ ውስጥ ያስገባዋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1991 ለውሃ ወፍ አደን ከልክላለች፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ረግረግ ውስጥና ዙሪያውን በ100 ሜትር ከፌብሩዋሪ 15 ቀን 2023 ጀምሮ። የዓሣ አጥማጆች ክብደትም እርሳስ ከሆነ ያው ነው፤ የተበጠሰ የናይለን ክር ደግሞ እግር ያንቃል። ቆጠራ ስትወጡ ከረጢት ያዙ።

---

ደንገል_ዳር

ከ10ና ከ5 ሴንቲሜትር የተሠሩት ሳንቃዎች በመገጣጠሚያቸው ውሃ ያሾልካሉ። በቀን 2 ሴንቲሜትር ያህል ሳንቃ ሳይነሳ ይወርዳል፣ የተባለው ስሌት ሁሉ ይበላሻል። ምን ይሻላል?

---

የመዝጊያ_ሰው

መጀመሪያ ሳንቃዎቹ ከመግባታቸው በፊት አንድ ሳምንት ውሃ ውስጥ ይዘፍዘፉ፤ ደረቅ እንጨት ጠብቆ ገብቶ ሲያብጥ ወይ ይጣበቃል ወይ ይጣመማል። ጠርዛቸው በመላጊያ ይስተካከል፣ ሳንቃው የሚገባበት ጎድጓድ ውስጥ ያለው ጭቃና ጠጠር ይጠረግ፤ አንዲት ጠጠር ከሥር ካለች ከላይ ያሉት ሁሉ ክፍተት ይኖራቸዋል።

ከገቡ በኋላ ከውሃው በኩል፣ ከሳንቃው ፊት ለፊት፣ ሰጋቱራ ወይም የደቀቀ አመድ ቀስ ብሎ ይጣል። ውሃው ራሱ ስቦ ወደ ስንጥቁ ያስገባዋል። ሰጋቱራው ከታከመ እንጨት የወጣ እንዳይሆን ብቻ። ይህ ለወቅቱ ይበቃል፤ ሳንቃ በተነሳ ቁጥር ግን ከሥሩ ያለው መገጣጠሚያ ስለሚነቃነቅ ይደገማል። ዘላቂ ከፈለግህ በእያንዳንዱ ሳንቃ የታችኛ ጠርዝ ላይ ስስ የጎማ ጥፍጥፍ በምስማር ምታ፤ ምስማሩ የማይዝግ ይሁን።

የላይኛዋ ሳንቃ ደግሞ በሰንሰለትና በቁልፍ ትታሰር። ያልተቆለፈ መውረጃ አንድ ሌሊት ይበቃዋል።